ማሽኑ ሲታነቅ እጅ አይሰደድም፦ ከአውድማ እስከ ውሃ ጉድጓድ

አጎቴ ከሶላት በኋላ ተስቢህ የሚቆጥረው በጣቱ አንጓ ነው። ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት ስለሌለው ሦስቱን ሲጨርስ ወደ ግራው ይዞራል። ልጆቹ ለምደውታል። እንግዳ ሰው ግን አይቶ ዓይኑን ይሰብራል።

ጣቶቹን የወሰደው ቆቦ ሜዳ ላይ የነበረ የማሽላ መውቂያ ነው። ማሽኑ ደህና ሲሠራ አልነበረም። አገዳ ጎርሶ ታንቆ፣ ሞተሩ እያቃሰተ፣ አጎቴ "ትንሽ ገፋ ላድርግለት" ብሎ እጁን የሰደደ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ጣት የጎደለው ገበሬ ባየሁ ቁጥር እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ወሬው ሁሌም ማለት ይቻላል "ታነቀና..." ብሎ ይጀምራል።

ነገሩን ሳስበው ጥፋቱ የልማድም ነው። እኛ እጃችንን ያሠለጠንነው በበሬ ነው። በሬ አውድማ ላይ እየዞረ ሳለ ከእግሩ ሥር ጭድ ትገለብጣለህ፣ እበት በእጅህ ትቀበላለህ። "ቁም!" ስትለው ይቆማል። ማሽን "ቁም" አይሰማም። እጃችን ግን ይህን ገና አላመነም። እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው በቅደም ተከተል የተጻፈ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሮቢት እስከ መርሳ፣ ከሐርቡ እስከ ጨፋ መውቂያ ለሚጠራ ሁሉ።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት

ቦታውን ከዋዜማው ምረጡ። ማሽኑ ደርሶ፣ ጅጌው ተሰብስቦ፣ ቡናው ተፈልቶ ከሆነ ማንም "እዚህ አይሆንም" ለማለት አፍ የለውም።

መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። መውቂያው ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ለስላሳ ማሳ ላይ እየሄደ እየሄደ ቦታውን ይለቃል፣ ከሞተሩ ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይጣመማል። ጎማዎቹ ሥር ከፊትና ከኋላ ድንጋይ ይግባ።

ቀጥሎ ነፋሱን እዩ። ቆላው ላይ ጠዋት ዝም ያለ አየር ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ገለባው የሚወጣበት አፍ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይዙር። አለበለዚያ አቧራው ተመልሶ የሚያጎርሰው ሰው ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው። ዓይኑን የሚያሽ ሰው እጁ የት እንዳለ አያውቅም። በዚያው አፍ በኩል ሰው አይቁም፣ አህያም አይታሰር። ከገለባው ጋር ጠጠርና የአገዳ ስባሪ እንደ ወንጭፍ ይወረወራል።

ክምሩ ከሞተሩ ቢያንስ አሥራ አምስት እርምጃ ይራቅ። ማርሚታው ይግላል፣ አንዳንዴም ፍንጣሪ ይተፋል። በታኅሣሥ የደረቀ አገዳ እንደ ቤንዚን ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃና አንድ አካፋ አጠገብ ይቀመጥ። ውሃው የመጠጥ እንዳይደረግ ለልጆቹ ንገሩ፤ የእኛ ሰፈር ጀሪካን እኩለ ቀን ላይ ሁሌ ባዶ ነው።

ልብስ

ሽርጥ ለማሽን አይሆንም። ይህን ስል ሽማግሌዎቹ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ሽርጥ ለሙቀቱ ተስማሚ ነው፣ ያምራልም። ግን ጫፉ የተለቀቀ ልብስ ነው፣ መዘውር ደግሞ የሚፈልገው ጫፍ ነው። ጋቢ፣ ፎጣ፣ አንገት ላይ የተጣለ ሻሽ፣ ክር የተመዘዘበት ሹራብ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ሱሪና እጅጌው እስከ ክንድ የተጠቀለለ ሸሚዝ ይለበስ። ሸሚዙ ሱሪው ውስጥ ይግባ።

ሰዓት፣ ቀለበት፣ ክታብ ይውለቅ። ክታቡን አላወልቅም የሚል ካለ አይጨቃጨቅም፤ በሸሚዙ ሥር በጨርቅ ይታሰርለት።

እግር ላይ ከነጠላ ጫማ ይልቅ የተሸፈነ ጫማ ይደረግ። ጓንት ግን ለአጉራሹ አልመክርም። እህሉን እየዞረ የሚወቃው ባለ ጥርስ ከበሮ ጓንቱን ሲይዝ ከነእጁ ነው የሚወስደው።

እናቶችና እህቶች ቡና ይዘው ሲመጡ ነጠላና ሰፊ ቀሚስ ለብሰው ነው። ይምጡ፣ ግን ቡናው ከማሽኑ ርቆ ዛፍ ሥር ይፈላ። ሠራተኛው ወደ ቡናው ይሄዳል እንጂ ቡናው ወደ ሠራተኛው አይመጣም።

ሞተሩ ሳይነሳ

ማሽኑ የኪራይ ይሁን የራሳችሁ፣ አንድ ጊዜ ዙሩት። የማትለቁት ነገር የቺንጋው ከለላ ነው። ብዙ ኦፕሬተሮች ቺንጋ ሲላላ ለማጥበቅ እንዲቀልላቸው ላሜራውን ፈተው ቤት ይተዉታል። "ከለላው የታለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ አውድማው ላይ በእንጨትና በቆርቆሮም ቢሆን አጥር ይሠራለት፤ ማንም ተደግፎ እጁ የማይገባበት እስኪሆን ድረስ። የላላ ቡሎን፣ የተሰነጠቀ ብረት፣ የሚያንጠባጥብ ናፍጣም እዩ።

ከዚያ ማጉረሻውን፣ እህሉ ወደ ከበሮው የሚገባበትን አሸንዳ፣ ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ክንዳችሁን ማጉረሻው ላይ ዘርጉ፣ ትከሻችሁ ጫፉ ጋ ይድረስ። ጣታችሁ ከበሮውን ከነካ ማጉረሻው አጭር ነው። ህንድ ውስጥ መውቂያ ብዙ እጅ ስለበላ በ1983 እ.ኤ.አ. የአደገኛ ማሽኖች ሕግ ወጥቶ ነበር። እዚያ የሚታወቀው የደህንነት ልክ ማጉረሻው 90 ሴንቲ ሜትር እንዲረዝም፣ ከከበሮው በኩል 45 ሴንቲ ሜትሩ ከላይ እንዲሸፈን ነው። አጭር ከሆነ የመንደር በያጅ ከላይ ላሜራ ሊጨምርበት ይችላል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በመጨረሻ ማጥፊያውን ሁሉም ሰው ይወቀው። እነዚህ ባለ አንድ ፒስተን ናፍጣ ሞተሮች ብዙዎቹ ቁልፍ የላቸውም። የሚጠፉት በእጅ በምትገፋ ወይም በምትሳብ ትንሽ ብረት ነው። ኦፕሬተሩ ለሽንት ሄዶ ሳለ ሰው ቢያዝ ማን ያጠፋዋል? ጠዋት ላይ ቢያንስ ሦስት ሰው በየተራ ያጥፋው፣ ይለማመደው።

ሞተሩ በማስነሻ ብረት በእጅ ሲነሳ ደግሞ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን፤ ብረቱን አይጭበጠው። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ አውራ ጣት የሚሰበረው እንዲያ ሲሆን ነው።

ማጉረስ

አጉራሽ አንድ ሰው ነው፤ ሁለት አይሆንም። ሁለት ሲሆኑ መሽቀዳደም ይመጣል። ሌሎቹ ከክምሩ እያመጡ ጎኑ ያስቀምጡለታል እንጂ በትከሻው ላይ አሳልፈው አይወረውሩም።

ማሽላ ከጤፍና ከስንዴ የበለጠ አደገኛ የሆነበት ምክንያት አለ። የጤፍ ነዶ ረጅም ነው፤ ጫፉ ከበሮው ውስጥ ሲገባ እጅ ገና ውጭ ነው። የማሽላው ራስ ግን ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ስንዝር ከምናምን ናት። ይህችን ይዞ የሚያጎርስ ሰው እጁ ከበሮው አፍ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ማሽላ በእጅ አይጎረስም። ማጉረሻው ላይ ይደረግና በመንሽ ወይም ክንድ በሚያህል እንጨት ይገፋል። እንጨቱ ከተያዘ ልቀቁት። እንጨት ሌላ ይቆረጣል።

በየሠላሳ ደቂቃው አጉራሹ ይቀየር። እንጀራ ስንጎራረስ እንኳ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው። አቧራው አፍና አፍንጫ ስለሚገባ ማስክ ይደረግ። ነጠላ ጠምጥሞ ጫፉን ማንጠልጠል ግን ተመልሶ እዚያው የልብሱ ጣጣ ውስጥ ይከታል።

ሲታነቅ

መታነቁ አይቀርም። እርጥብ አገዳ፣ ትልቅ ጉርሻ፣ የላላ ቺንጋ፣ አንዱ ያንቀዋል። የሞተሩ ድምፅ ሲወፍርና ሲዘገይ እነሆ መጣ ማለት ነው። ያኔ እንዲህ ይደረግ።

1. አጉራሹ "ታነቀ!" ብሎ ይጩህና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበል። ሌላ ማንም አይጠጋ።

2. ሞተሩ ይጥፋ። ነዳጁን መቀነስ ማጥፋት አይደለም።

3. የማስነሻው ብረት ማሽኑን የሚያጸዳው ሰው ወገብ ላይ ይታሰር። ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ብልሃት ነው። ብረቱ እሱ ጋ ካለ ሌላ ሰው ሳያውቅ ሊያስነሳበት አይችልም። ሞተሩ በቁልፍ የሚነሳ ከሆነ ቁልፉ ኪሱ ይግባ።

4. ከበሮው እስኪቆም ይጠበቅ። ሞተሩ ጠፍቶም ከበሮው ይዞራል፤ ድምፁ ስለቀነሰ የቆመ ይመስላል። በዓይን ይታይ።

5. ቺንጋው ይውለቅ። የታመቀ አገዳ ከበሮውን እንደ ወጥመድ ወጥሮ ይይዘዋል። አገዳው ሲነቀል ከበሮው በድንገት ሩብ ዙር ሊፈናጠር ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ጣት የሚቆረጠው በዚህ ነው።

6. ሽፋኑ ተከፍቶ አገዳው በቆልማማ ብረት ወይም በእንጨት ይጎተት።

7. ሽፋኑ ይታሰር፣ ቺንጋው ይመለስ። ብረቱን የያዘው ሰው ዙሪያውን አይቶ ራሱ ያስነሳው።

ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። እና ችግሩ አሥር ደቂቃው ነው። መውቂያ የሚከፈለው በኩንታል ስለሆነ ኦፕሬተሩ የቆመ ማሽን አይወድም። ቀጣዩ አውድማ ይጠብቀዋል። "ካጠፋሁት ለማስነሳት ጉድ ነው" ይላል፤ እውነቱን ነው፣ በእጅ ማስነሳት ትከሻ ይገነጥላል። ግን ወጉ ጠዋት ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሰው በተሰበሰበበት ይቆረጥ። አምና ጎረቤታችን የሆኑ አባት ኦፕሬተሩን እንዲህ ሲሉት ሰማሁ፦

"ልጄ፣ ስንቴ ይታነቃል?"

"አራት አምስቴ፣ አባባ።"

"እንግዲያ አምስቴ ታጠፋዋለህ። የአንድ ሰዓቱን እኔ እከፍልሃለሁ። እህሉ የኔ ነው፣ የሚያጎርሰውም ልጄ ነው።"

ኦፕሬተሩ ሳቅ ብሎ "እሺ" አለ። ቀኑን ሙሉ ሦስት ጊዜ ታነቀ፣ ሦስቴም አጠፋው። የአንድ ሰዓቱን ገንዘብ ግን አልተቀበለም።

ልጆች፣ ጫት፣ ሌሊት

ልጅ ማሽን ይወዳል። ማባረር ብቻውን አይሠራም፤ ዞር ስትሉ ይመለሳል። በገመድ ክልል ከልሉ፣ ለአንድ ትልቅ ልጅም የጥበቃ ሥራ ስጡት። የተወቃ ገለባ ክምር ላይ መዝለል የሚወዱ ሕፃናት ገለባው ውስጥ ተደብቀው ትራክተር የሄደባቸው ታሪክ በየአገሩ አለ።

ጫቱን በተመለከተ ቆላው ላይ ሆኜ "አትቃሙ" ብል የሚሰማኝ የለም። የማየው ግን ይህን ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሰው አይደክመኝም ይላል፤ ሲወርድ ደግሞ ደንዝዞ እንደቆመ ይሠራል። ሁለቱም ላይ አጉራሽ አይሁን፤ ጆንያ ይያዝ።

ሌሊት መውቃት ሙቀቱን ያስቀራል፣ ጨረቃ ካለ ደስም ይላል። በሞባይል ባትሪ ብርሃን ግን አይሆንም። ማጉረሻውና ቺንጋው ላይ የሚያበሩ ሁለት ደህና መብራቶች ከሌሉ ይደር። ናፍጣ ሲጨመርም ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፣ ሲጋራ ይራቅ። የሚፈላ የሞተር ውሃ ክዳን ፊት አስጠግቶ አይከፈትም።

ትራክተር ካለ

አጭር ላድርገው። ትራክተር ላይ አንድ መቀመጫ ካለ የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው። ጎማ ከለላው ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ረዳት ቢወድቅ የሚወድቀው የኋላው ጎማ ፊት ነው። ከኋላ ወጥቶ መውቂያ የሚያዞረው ዘንግ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 540 ዙር ይሄዳል፤ ይህ በሴኮንድ 9 ዙር ነው። "ወይኔ" ብሎ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ ጋቢ ሙሉ ለሙሉ ለመጠቅለል ይበቃል። ዘንጉን ተሻግሮ መራመድ ፈጽሞ አይገባም፤ ዙሩት። ፕላስቲክ መሸፈኛው የተሰበረ ከሆነ ሳይቀየር አይሠራ።

ተዳፋት ላይ አግድም አትሂዱ፣ በድንገት አትዙሩ። ከላይ የብረት ቅስት ያለው ትራክተር ከሆነ ቀበቶውን እሰሩ። ቅስት ከሌለው ግን አትታሰሩ፤ ሲገለበጥ ከሥሩ ያስቀራችኋል። ከቆቦ ወልድያ ባለው አስፋልት ላይ ማታ ያለ ኋላ መብራት መጎተት ደግሞ ሲኖትራክ ሹፌር ላይ መፍረድ ነው። ጋሪው ኋላ አንጸባራቂ ይለጠፍ፣ ካልሆነ ይንጋ።

ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ

ይህ ማሽን ቢመስልም የሚገድለው በጭሱ ነው። ቆቦና ጊራና ሜዳ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው የውሃ ሞተሩን በደንብ ያውቀዋል። ጉዳዩ የሚጀምረው ከተፈጥሮ ሕግ ነው። ላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ በተግባር ከ6 ወይም 7 ሜትር በታች ያለ ውሃ አያወጣም። ሞተሩ ትልቅ ቢሆን እንኳ ያው ነው። በጋ ሲገፋና ውሃው ሲወርድ ገበሬው አንድ መፍትሔ ይታየዋል፤ ጉድጓዱ ውስጥ መደብ ቆፍሮ ሞተሩን ማውረድ።

ይህ መደረግ የለበትም። ከሞተሩ ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ጭሱ ተኖ አልቆ አየሩ የጠራ ሲመስል እሱ ገና አለ። የገባው ሰው ራሱን ያመዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ለመጮህ እንኳ አቅም ያጣል። የቤንዚን ሞተር ከናፍጣው ይብሳል፤ ሁለቱም ግን ጉድጓድ ውስጥ ገዳይ ናቸው።

ኩራዝ አውርዶ "አልጠፋም፣ ደህና ነው" የሚሉ አሉ። ኩራዝ የሚጠፋው ኦክስጅን ሲያልቅ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው በሚገድልበት መጠን እያለ ኩራዙ ያለ ሐሳብ ይበራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ውሃው ከወረደ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው የኤሌክትሪክ ወይም የሶላር ጠላቂ ፓምፕ ይሁን። ውድ ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤት ተዋጥቶ ቢገዛ ይሻላል። ሞተሩ ዛሬ ጉድጓድ ውስጥ ካለ ደግሞ በሠራበት ቀን ለማጥፋትም፣ ነዳጅ ለመጨመርም ማንም አይውረድ። ነዳጁ አልቆ ይጥፋ፤ በማግስቱ ሞተሩ በገመድ ይውጣ፣ ዳግም አይግባ።

ለቁፋሮ ወይም ለጽዳት ሰው ሲወርድ ወገቡና ብብቱ በገመድ ይታሰር፣ ላይ ሦስት ጎበዝ ይቁም፣ በየደቂቃው ይጣሩት። መልስ ካጠፋ ይጎትቱት። ያልታሰረ ሰው ወድቆ ብታዩ ደግሞ፣ ወንድማችሁ ቢሆንም፣ አትውረዱ። ይህን መጻፍ ቀላል ነው፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ማድረግ ግን እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሬሳ የሚያወጣው ግን ሁለተኛው ሰው ሊያድን ስለሚገባ ነው። ገመድ ቋጥሮ በቆልማማ ለመያዝ ሞክሩ፣ አምቡላንስ ጥሩ።

ሰው ከተያዘ ወይም ከቆሰለ

ሞተሩ ይጥፋ። እጁ የተያዘውን ሰው አትጎትቱት፣ ከበሮውንም ወደ ኋላ በጉልበት አትመልሱ። ቺንጋው ይውለቅ፣ ሽፋኑ በቁልፍ ይፈታ፣ ሰውየውን ደግፉት፣ አናግሩት።

ደም ሲፈስ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በመዳፍ አጥብቆ መጫን ነው። ጨርቁ ሲርስ ሌላ ከላይ ይደረብ እንጂ የመጀመሪያው አይነሳ። ቡና፣ አመድ፣ አፈር አይነስነስበት፤ ቡናው ለሐኪሙ ጽዳት እንጂ ለቁስሉ ፈውስ አይጨምርም። ተጭኖ የማይቆም፣ እየፈነጠቀ የሚወጣ ደም ከሆነ ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ርቆ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ጨርቅ ይታሰርና በእንጨት ይጠምዘዝ። ቀጭን ሲባጎ አይሆንም። የታሰረበት ሰዓት ግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ። መንገድ ላይ "ትንሽ ላላልለት" አይባልም።

የተቆረጠ ጣት በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይታሰር፣ ፌስታሉ በረዶ ላይ ይቀመጥ። ጣቱ ራሱ በረዶ አይንካ።

የወረዳችሁን አምቡላንስ ቁጥርና የቀይ መስቀልን 907 ጠዋት ላይ ስልካችሁ ውስጥ መዝግቡ። ቆላው ላይ ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታ የትኛው እንደሆነም ለአንድ እግረ ፈጣን ልጅ ንገሩት። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ጤና ጣቢያ ይኬድ፤ ሳትወጡም የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መወጋቱን ጠይቁ። አጎቴ ያን ጊዜ የጠየቀለት ሰው አልነበረም። ትዝ ያለው በአራተኛው ቀን ሲሆን፣ ያስታወሰችውም ሚስቱ ናት።